ስሜ እስካልተጠራ

ፈተና አዳራሽ ውስጥ እኔ የምፈራው በሩን ነው። ጥያቄው ቢከብድ ይክበድ፤ እሱ የሁሉም ተማሪ ችግር ነው። በሩ ሲጢጥ ባለ ቁጥር ግን እስከ ዛሬ እጄ ላይ ያለው እስክሪብቶ ቀጥ ይላል። አጠገቤ የሚቀመጡ ልጆች ከውጭ መልስ የሚያቀብለኝ ሰው እየጠበቅኩ ይመስላቸዋል። ይምሰላቸዋ። ምን ብዬ ላስረዳቸው?

ቤታችን ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። አባቴ ኢምፔሪያል አካባቢ ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ነበረችው፤ አምፖል፣ ሶኬት፣ ገመድ፣ ማከፋፈያ ይሸጥ ነበር። ጠዋት ጠዋት በአንድ ታክሲ በሰሚት በኩል አብረን እንወጣለን፤ እሱ ወደ ሱቁ፣ እኔ ወደ ትምህርት ቤቴ። አባቴ በሕይወቱ ፈተና ተቀምጦ አያውቅም። ከአገር ቤት በልጅነቱ መጥቶ ቀጥታ ንግድ ውስጥ ነው የገባው። ስለዚህ የኔ ነገር ግራ ይገባዋል። ጥያቄዎቹን ለምን አስቀድመው አይነግሯችሁም ይለኛል። ደንበኛ መጥቶ የሚፈልገውን ሳይነግረኝ ዕቃ አወጣለታለሁ እንዴ ይላል። ሳቄን እለቀዋለሁ። ያኔ ከክፍሌ አንደኛ ስለነበርኩ ፈተና ለኔ ጨዋታ ነበር፤ እሱም አምፖል ሊገዛ ለመጣ ሰው ሁሉ ልጄ ሐኪም ልትሆን ነው እያለ ያወራ ነበር።

አስራ አንደኛ ክፍል እያለሁ ኩላሊቱ ታመመ። እጥበት ጀመረ። በእጥበት ቀን ሱቁን እናቴ ትከፍታለች፣ እሱ ማሽን ላይ ተኝቶ ይውላል፣ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሎ ይመለሳል። ግን ይመለሳል። እኔም ያን መመለሱን መቁጠር ትቼ እንደ ማንኛውም ነገር ለመድኩት።

እዚህ ላይ የእናቴን ወንድም መርዶ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ለቅርቡ ሰው ዝም ብሎ አይነገርም። ዘመድ እስኪሰበሰብ፣ እሱም እህል ቀምሶ እስኪተኛ፣ ሊነጋ እስኪል ይደበቃል። አጎቴ ሲሞት ልጅ ነበርኩ። በዚያ ቀን ቤታችን የገባው ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ እናቴ ብቻ አታውቅም። እኔ ደግሞ ማንም ሳይነግረኝ አወቅኩ። ሰዉ ድንገት ደግ ሆነ። ሰላምታ እንኳን የሚሰስቱ ጎረቤቶች ዕቃ ካላጠብንልሽ አሏት። አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ ቻርጅ ላድርግልሽ ብላ ስልኳን ወሰደችባት። ቴሌቪዥኑ ተዘጋ። እናቴ ዛሬ ምን ነካችሁ እያለች ስትስቅ ዋለች። በማግስቱ ንጋት ላይ በሩ ተንኳኳና ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች ገቡ። ከጩኸቷ ይልቅ የዋዜማው ሳቋ ነው ጆሮዬ ላይ የቀረው። ከዚያ ወዲህ ሰው ከልኩ በላይ ደግ ሲሆንብኝ ማን ሞተ እላለሁ።

የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው። ብርድ ልብስና አንሶላችንን ይዘን ከትምህርት ቤት በአውቶቡስ ይወስዱናል። ስልክ ይዞ መግባት የለም፣ ፈተናው ሳያልቅ መውጣት የለም። አንዴ ከገቡ በኋላ ከቤት ወሬ የሚሰማበት ቀዳዳ የለም።

የመሄጃዬ ዋዜማ አባቴን አመመውና ሆስፒታል አደረ። ጠዋት እናቴ ደህና ነው፣ ተኝቷል፣ አትረብሺው ብሎሻል አለችኝ። እሺ አልኩ። ከዚያ አክስቴ መጣች። አንገቴን አቅፋ አንዴ ሳመችኝ፣ ሁለቴ ሳመችኝ፣ አልለቅ አለች። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ፊቱን የሚያዞረው የአራተኛ ፎቅ ጎረቤታችን ጓዤን ከእጄ ነጥቆ እስከ ታክሲው ተሸከመልኝ። በርቺ ልጄ አለኝ። ልጄ? ይሄ ሰውዬ ከመቼ ጀምሮ ነው እኔ ልጁ የሆንኩት? አለቀ፣ አባቴ ሞቷል አልኩ በሆዴ። ሞቷል፣ ከፈተና እንዳልስተጓጎል እየደበቁኝ ነው። አውቶቡሱ ውስጥ ልጆች ይዘፍናሉ። እኔ መስኮቱን እያየሁ ማን ያጥበዋል፣ ማን ይገንዘዋል እያልኩ ነበር።

የመጀመሪያው ፈተና ሂሳብ ነበር። ሂሳብ ለማንም የማላስደፍረው የራሴ ቤት ነበር፤ የክፍላችን ልጆች የከበዳቸውን ይዘው የሚመጡት እኔ ጋ ነው። ወረቀቱን ገለጥኩ። ፊደሎቹን አውቃቸዋለሁ፣ ቁጥሮቹን አውቃቸዋለሁ፣ ትርጉማቸው ግን የለም። ደግሜ አነበብኩ። አሁን ከሆስፒታል እያወጡት ነው። ደግሜ አነበብኩ። አሁን ድንኳን እየተከሉ ነው። መዳፌ በላብ ርሶ መልስ መስጫውን አራሰው። የማውቀው ሁሉ ድራሹ ጠፋ። ደንዝዤ ማጥቆር ጀመርኩ። ፈታኟ ጊዜው ሊያልቅ ነው ስትል ነው አንድ ጥያቄ መዝለሌን፣ መልሱን ግን ሳልዘል ማጥቆሬን ያየሁት፤ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ አንድ አንድ ቦታ ተንሸራቷል። ላጲስ አንስቼ ስፈገፍገው ወረቀቱ ተቀደደ። የቀሩትም ቀኖች እንደዚያው ናቸው። በፊዚክስ ቀብሩን፣ በኬሚስትሪ ሰልስቱን በሐሳቤ አወጣሁለት።

የመለሱን ከተባለው ሰዓት ቀደም ብለው ስለነበር ትምህርት ቤቱ በር ላይ የጠበቀኝ ሰው አልነበረም። አልገረመኝም። ለቅሶ ላይ ያለ ሰው እንዴት ብሎ ይመጣል? ጓዤን ተሸክሜ በታክሲ አራብሳ ደረስኩ። ብሎካችን ፊት ለፊት የዕድሩ ድንኳን ተተክሏል። ወንዶች በፕላስቲክ ወንበር በረድፍ ተቀምጠዋል።

ብርድ ልብሱ ከእጄ ወደቀ። አባዬ፣ አባቴ እያልኩ፣ ደረቴን እየደቃሁ ድንኳኑ ውስጥ ዘለቅኩ። በሕይወቴ እንዲያ ጮኼ አላውቅም። ሴቶች ሊይዙኝ ተሯሯጡ፣ የሆነ ነገር ሊነግሩኝ ይታገላሉ፣ ማን ሰምቷቸው። ግቢ ውስጥ አፍኜ የያዝኩትን ሁሉ አወጣሁት። ታክሲ ውስጥ ቦታ የሚይዝልኝን፣ አምፖል ሞክሮ ሲበራ ልጅ ሆኖ የሚስቀውን፣ ሁሉን እያነሳሁ አለቀስኩት። ከወንዶቹ መሃል አንድ ሰው ዱላውን ተደግፎ ተነሳ።

«ማንን ነው የምታለቅሺው?» አለኝ አባቴ።

የሞቱት ብሎካችን ምድር ቤት ይኖሩ የነበሩ አዛውንት ነበሩ። አባቴ እኔ በሄድኩ ማግስት ከሆስፒታል ወጥቶ ኖሯል፤ ጎረቤት ነውና ለቅሶ ሊደርስ ወጥቶ ተቀምጧል። አክስቴም ስትስመኝ የነበረው ስለምትወደኝ ነው። ጎረቤቱም በርቺ ያለኝ እንድበረታ ነው። አንዱ ሳቁን መያዝ አቃተው፣ ከዚያ ሌላው ተከተለ፣ መጨረሻ ላይ ሐዘንተኞቹ ሳይቀሩ ሳቁ። አንዲት አሮጊት ግን አልሳቁም። በቁሙ አለቀሰችው አሉ፣ ሁሉም እየሰማ። የእናቴ ፊት ሲለዋወጥ አየሁት።

አባቴ ነገሩን የሱቅ ወሬ አደረገው። ለቅሶዬን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ አሳምራ ነው ያለቀሰችኝ፣ ከእንግዲህ ብሞትም አይቆጨኝም እያለ ለደንበኛው ሁሉ ያወራል። እናቴ ግን ለሳምንታት ፊት ነሳችኝ። ሟርት ነው የሆነባት። እሱ ባሳለ፣ እሱ ምሳውን በተወ ቁጥር ቀድማ የምታየው እኔን ነበር። ውጤቱ ሲመጣ እንደጠበቅኩት ወደቅኩ። ዘመድ ሲጠይቅ አባቴ እኔ ታምሜ ነው የጣልኳት ይላል። ያ ከመውደቄ በላይ አንጀቴን በላው።

በግል እንደገና ልፈተን ተመዘገብኩና ሰሚት አካባቢ ማጠናከሪያ ገባሁ። እቤት ስሠራ ሁሉን እችለዋለሁ። መምህሩ ወረቀት አድሎ ሰዓት ያዙ ሲል ግን እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ያስመልሰኛል፣ ሮጬ እወጣለሁ። መምህሩ ደግ ሰው ነው፣ ረጅም አየር ሳቢና ተንፍሺ ይለኛል። እስከዚያ ቀን ሳልተነፍስ የኖርኩ ይመስል! እቤት ስመለስ አባቴ አይጠይቀኝም፤ ፊቴን አይቶ ያውቃል።

አንድ ከሰዓት ሱቁ ውስጥ አምፖል እየሞከረ ነበር። የሱቁ ደንብ ነው፤ አብርቶ ሳያሳይ ለማንም አይሸጥም። አንዱን ሶኬት ላይ እንዳበራ ትቶ ወደ እኔ ዞረ።

«ስሚኝ» አለኝ። «አምና ያጠፋሽ የመደበቅ ልማዳችን ነው። ዘንድሮ ውል እንግባ። እኔ የሆንኩት ነገር ካለ መጥተው ይጠሩሻል። አዳራሽ ውስጥም ብትሆኚ በር አስከፍተው ስምሽን ይጠራሉ። ስምሽን ካልጠሩ አለሁ ማለት ነው። እኔን ትተሽ ጻፊ።»

ማለልኝ። አባቴ ምሎ አፍርሶ አያውቅም፤ ደንበኛ በሱ መሐላ ነበር ዕቃ የሚወስደው። አክስቴንም አስማለልኝ። የቀረችው እናቴ ነበረች። በማግስቱ ጠዋት በረንዳ ላይ ልብስ ታሰጣ ነበር። እሱ ይሙት በይ አልኳት። እኛ ቤት መሐላው ሁሉ በሱ ነው፤ እናቴ ወጥ ውስጥ ጨው ስለ መጨመሯ እንኳን ስትምል እሱ ይሙት ትል ነበር። የዚያን ዕለት ግን ሸሚዙን አጥብቃ ጨመቀችው እንጂ አልማለችም።

«በታመመ ሰው አይማልም» አለችኝ።

የአምናው ሟርት እያስፈራት ነው አልኩና ተውኳት። ደግሞም ውሉ ሠራልኝ። በሚቀጥለው የማጠናከሪያ ፈተና እጄ ሲጀምረው በሩን አየሁ። ማንም አልመጣም። አለ አልኩ፣ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ማስመለሱ ተወኝ። አስቡት፣ ያን ያህል ወር ያሰቃየኝን ነገር ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠ ሰው በአንድ ቃል አዳነኝ። ብኮራበት ይፈረድብኛል?

ፈተናው ደረሰ። አባቴ በጣም ከስቶ ነበር፤ እንዳይመጣ ብንለምነውም እምቢ ብሎ ትምህርት ቤቱ በር ላይ እስከ ቆመው አውቶቡስ ሸኘኝ። አክስቴ አንዴ ብቻ ሳመችኝ፤ ከዚያ በላይ እንዳትስመኝ አስጠንቅቄያት ነበር። ስትመለሺ እዚህ በር ላይ እጠብቅሻለሁ አለኝ አባቴ። ሰዓቱን ካበላሹት ደግሞ እቤት ጠብቂኝ፣ የማንም ድንኳን ውስጥ እንዳትገቢ አለና ሳቀ። አውቶቡሱ ሲዞር ዱላውን ከፍ አድርጎ ነበር።

ሂሳብ ፈተና ላይ የኔ ቦታ ከበሩ ትይዩ ደረሰ። ወረቀቱ ሲታደል ልቤ ጀመረው። በሩን አየሁ፣ ዝግ ነው። አለ አልኩ። የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበብኩ፤ ገባኝ። ሁለተኛውም ገባኝ። ቀጠልኩ። መሃል ላይ በሩ ተከፈተና አንድ አስተባባሪ ወረቀት ይዞ ገባ። ለፈታኙ በጆሮው የሆነ ነገር ነገረው። ፈታኙ ቀና ብሎ አዳራሹን አየ። የአንዲት ልጅ ስም ጠራ። የኔ አይደለም። ከኋላዬ ወንበር ተጎተተ፣ ልጅቷ አጠገቤ አልፋ ወጣች፣ በሩ ተዘጋ። ለምን እንደተጠራች እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ ግን፣ አምላክ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። የጠሩት ሌላ ሰው ነው፣ የኔ አባት ቤቱ ተቀምጧል አልኩ። እንደዚያን ቀን ሂሳብ ሠርቼ አላውቅም። ጨርሼ ከላይ እስከ ታች አረጋገጥኩ፣ አንድም ቦታ አልተንሸራተተም። በየቀኑ እንደዚያ ነበር። በሩን አያለሁ፣ አለ እላለሁ፣ እጽፋለሁ።

ስንመለስ በመስኮት አንገቴን አስግጌ ዱላውን ፈለግኩ። በሩ ላይ አክስቴ ቆማለች። ደማቅ ቢጫ ሻሽ አስራለች። አክስቴ ቢጫ አትወድም። እጥበት ሄዷል አለችኝ ሳልጠይቃት። የእጥበቱ ቀን እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ታክሲ ውስጥ እጄን ይዛ ጥያቄው እንዴት ነበር፣ ከበዳችሁ ወይ ትለኛለች፤ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ነው የምትጠይቀኝ። ኢምፔሪያል ስንደርስ ሱቃችንን አየሁት። ተዘግቷል። ሾፌሩ ሙዚቃ ከፍቶ ነበር፣ አክስቴ ቀንስልን አለችው።

ብሎካችን ፊት ለፊት ድንኳን አልነበረም። ምሰሶዎቹ የተተከሉበት ጉድጓድ ግን ነበር፣ አፈሩ ገና አዲስ። ደረጃውን ወጣሁ። እቤት ሰው ሞልቷል፣ ሁሉም ያየኛል። እናቴ ጥቁር ለብሳ መሃል ተቀምጣለች። ከዚህ በኋላ ማንም መናገር አላስፈለገውም።

አምጪው ብባል እንባዬ አልመጣ አለ። ሴቶቹ እየጮኹ አቀፉኝ፣ እኔ ድርቅ ብዬ ቆምኩ። አባቴን አምና እዚያው ግቢ ውስጥ፣ እሱ ቁጭ ብሎ እየሰማኝ፣ አልቅሼ ጨርሼዋለሁ። እኚያ አሮጊት ጥግ ይዘው ነበር፤ አይናቸውን ሸሸሁት። በኋላ ሰው ፈዝዛለች አለ። ይበል።

መቼ ነው አልኳት እናቴን። የሂሳብ ዕለት ጠዋት አለችኝ። ማለትም እኔ በሩን አይቼ አለ ስል፣ ያቺ ልጅ ስትወጣ ደስ ሲለኝ፣ እሱን እያጠቡት ነበር። ምላችሁልኝ አልነበረም ወይ ብዬ ጮህኩ፤ አክስቴ ላይ ጮህኩ፣ ሁሉም ላይ ጮህኩ። እናቴ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«እኔ አልማልኩልሽም» አለች። «የውሉ ዕለት ማታ ጠርቶ ነግሮኝ ነበር። እሷን አዳራሽ ገብቶ የሚጠራ ሰው ለቅሶዬ ላይ አይቁም ብሏል።»

ውጤቱ ሲመጣ አልፌ ነበር፣ ያውም በደንብ። ዘመድ እልል አለ። አባትሽ ውጤትሽን አየው እኮ ይሉኛል፣ እኔ ጥርሴን ነክሼ አመሰግናለሁ። ተናድጄበታለሁ። አንድ ቀን ምሎ የከዳው እኔን ነው፤ ክዳቱ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ አስገባኝ። ሱቁን ሸጥነው። የመጨረሻውን ዕቃ ስናወጣ አምፖል የሚሞክርበትን ሶኬት እናቴ ከግድግዳው ላይ አስፈታችው፤ አሁን እሷ ክፍል ውስጥ፣ መስመር ሳይቀጠልለት፣ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል።

አሁን ሦስተኛ ዓመት ነኝ። ከፈተና የምሸሽ ሰው አይደለሁም፣ እንዲያውም ልጆቹ ይገረሙብኛል። ቀድሜ እገባለሁ፣ በሩን የማይበትን ወንበር እይዛለሁ። ጥያቄው ሲታደል ልቤ ይጀምረዋል፣ በሩን አያለሁ፣ ዝግ ነው። አለ። አውቃለሁ፣ የተቀበረበትን አውቃለሁ፣ በየሙት ዓመቱ የምሄደው እኔ ነኝ። አዳራሹ ውስጥ ግን ውሉ ውል ነው፤ ማንም መጥቶ አልጠራኝም። ጥያቄውን ጨርሼ እንኳን አልነሳም። ልጆቹ አንድ በአንድ ወረቀታቸውን እየሰጡ ይወጣሉ፣ እኔ የጻፍኩትን መልሼ እያነበብኩ እቆያለሁ። ሱቁ ክፍት ነው፣ እሱ ባንኮኒው ጀርባ ቆሞ አምፖል ይሞክራል።

ባለፈው ሴሚስተር የመጨረሻ ፈተና ላይ እኔና አንድ ወጣት ፈታኝ ብቻ ቀረን። ሰዓትሽ አልቋል እህቴ አለኝ ከሩቅ። ሰምቼዋለሁ፣ ማንበቤን ቀጠልኩ። ደግሞ አለኝ። ወረቀቱን በሁለት እጄ ጫንኩት። መጥቶ አጠገቤ ቆመ፣ አልተቆጣም፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን መታወቂያዬን አንስቶ አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ስሜን ጠራኝ።

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።